የስፔን ዜማ በቱባ፦ ከጊታሩ ጣት ይልቅ ከዘፋኙ ጉሮሮ

ለቱባ ተጫዋቾችና ለመምህሮቻቸው ከተደረገ ንግግር ተስተካክሎ የተጻፈ

እንደምን ዋላችሁ። ዛሬ ይዤ የመጣሁት ጉዳይ ጠባብ ነው። አንድ የቱባ፣ ማለትም የትልቁ ባለ ዝቅተኛ ድምፅ የነሐስ ትንፋሽ መሣሪያ፣ ተጫዋች ብቻውን ወይም ከአንድ አጃቢ ጋር መድረክ ላይ ቆሞ የስፔን ጠረን ያለው ሙዚቃ ልጫወት ቢል ምን ይጫወታል? ኖታውንስ ከየት ያገኘዋል? የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ በየመሐሉ እየደጋገምኩ እንዳላሰለቻችሁ አሁኑኑ ልናገር።

አብዛኛው ሰው ፍለጋውን የሚጀምረው «ቱባ» የሚለውን ቃል ይዞ ነው። የሚያገኘው ጥቂት ነው፤ ይህም አያስገርምም። ቱባ ገና ልጅ መሣሪያ ነው። ቪልሄልም ቪፕሬሽትና ዮሐን ጎትፍሪድ ሞሪትዝ በርሊን ውስጥ የፈጠራ መብቱን ያስመዘገቡት በ1835 ነው። ከዚያም በኋላ ለረጅም ጊዜ ቦታው ከኦርኬስትራውና ከማርሽ ባንዱ ጀርባ ነበር። ስሙ የገነነ የሙዚቃ ደራሲ፣ እንግሊዛዊው ቮን ዊልያምስ፣ ለቱባ ኮንቼርቶ ሲጽፍ ዘመኑ 1954 ደርሷል፤ የጀርመናዊው ሂንደሚት ሶናታ በ1955 ተከተለ። እስቲ አሁን የስፔኖቹን ደራስያን ዕድሜ አስሉ። አልቤኒዝ በ1909 ሞተ። ግራናዶስ የተሳፈረባት መርከብ በ1916 በቶርፔዶ ስትመታ ባሕር ውስጥ ቀረ። ፋላ በ1946 አርጀንቲና ውስጥ አረፈ። ዓለም «የስፔን ድምፅ» ብሎ የሚያውቀውን የሠሩት እነዚህ ሦስት ሰዎች ለቱባ አንድም የሶሎ ሥራ አልተዉም። ስለዚህ በእነርሱ ስም ለቱባ ታትሞ የምታገኙት ሁሉ ከሌላ መሣሪያ ወይም ከሰው ድምፅ የተወሰደ ነው። ጥያቄው መወሰዱ ላይ አይደለም፤ ከማን መውሰድ እንደሚበጅ ነው።

ብዙዎች ወደ ጊታር ይሮጣሉ። ስፔን ሲባል ጊታር ይታወሳቸዋል፣ ጊታር ሲባል ደግሞ «አስቱሪያስ» የተባለው የአልቤኒዝ ሥራ። በእርግጥ ሥራው የተጻፈው ለፒያኖ ነው፤ ጊታሩ የኋላ እንግዳ ነው። «አስቱሪያስ» የሚለውን ስም የሰጠውም አልቤኒዝ ከሞተ በኋላ አሳታሚው ነው። አስቱሪያስ በሰሜን ናት፣ ሙዚቃው ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ የደቡቡን የአንዳሉሲያን ድምፅ ይሰማል። ይህን ለጨዋታ ያህል ነው ያነሣሁት። ቁም ነገሩ ሥራው ለቱባ አለመሆኑ ነው። ዜማው ከታች ይሄዳል፤ ከላዩ አንድ ድምፅ ያለማቋረጥ ይመታል። ሁለቱ አብረው ካልተሰሙ ሥራው የለም። ቱባ ደግሞ ያለው አንድ ድምፅ ነው። ሁለቱን እያፈራረቀ በፍጥነት ልሥራ ያለ ተጫዋች የሚተነፍስበት ቦታ ያጣል፤ በዝቅተኛው የድምፅ ክልል ቱባ አየር እንዴት እንደሚበላ ለእናንተ አልነግራችሁም። ይህን ሥራ በቱባ የሚወጡት ጎበዞች አሉ፤ አድናቂያቸው ነኝ። ሰሚው ግን ሲጨርሱ የሚያወራው ስለ ሳንባቸውና ስለ ጣታቸው ነው፤ አልቤኒዝን የሚያነሣው የለም።

የእኔ አቋም እንግዲህ ይህ ነው፦ ለቱባ የስፔን ሙዚቃ የምትፈልጉ ከሆነ ዘፋኞቹ ዘንድ ሂዱ። ዘፋኝ ይተነፍሳል፣ ቱባ ነፊም ይተነፍሳል፤ ለጉሮሮ የተጻፈ ዜማ የትንፋሽ ቦታው አብሮት ተወልዷል። ከዘፋኞቹ ቀጥሎ ደግሞ በጥንት ዘመን ዝቅተኛ መሣሪያ ይጫወቱ የነበሩትን ጠይቁ። እነርሱ ጋ ያለውን ሀብት ብዙ ሰው አያውቀውም፤ ወደ እርሱ እመለሳለሁ።

ከዚያ በፊት ስለ ቅኝቱ አንድ ነገር ልበል፤ ኖታ ስትመርጡም ሆነ ራሳችሁ ስታቀናብሩ ይጠቅማችኋል። የአንዳሉሲያ ዜማ ማረፊያው በጣም ይታወቃል፦ ኤ ማይነር፣ ጂ ሜጀር፣ ኤፍ ሜጀር፣ በመጨረሻም ኢ ሜጀር። ወደ ማረፊያው የሚወርደው ድምፅ ከማረፊያው በግማሽ ድምፅ ብቻ ይርቃል፤ ማረፊያው ላይ ያለው ኮርድ ግን ሜጀር ነው። ያ ጥብቅ ርቀትና ያ ያልተጠበቀ ብርሃን አንድ ላይ ሲመጡ ሰሚው ወዲያው «ስፔን» ይላል። የጊታር ተጫዋቾች ይህን ቅኝት በሁለት ቦታ ይለማመዱታል፤ አንዱ ማረፊያው ኢ ነው፣ ሌላው ኤ።

የእኛን መሣሪያ ደግሞ ተመልከቱ። በሲ ቱባ የሲ ሜጀርን ስኬል ይዛችሁ ሦስተኛው ድምፅ ላይ ብታርፉ ኢ ላይ አረፋችሁ፤ ይህ የጊታሩ አንደኛ ቤት ነው። በኤፍ ቱባ የኤፍ ሜጀርን ስኬል ይዛችሁ ሦስተኛው ላይ ብታርፉ ኤ ነው፤ ይህ ደግሞ ሁለተኛው ቤት። የኢ ፍላት ቱባ በዚሁ ስሌት ጂ ላይ ያርፋል፤ ጊታረኛው ካፖውን፣ ክሮቹን ሁሉ አንድ ላይ የሚጫነውን ማሰሪያ፣ ሦስተኛው ፍሬት ላይ አስሮ የኢን ቅርፅ ይይዛል። የቢ ፍላት ቱባ ዲ ላይ ያርፋል፤ ካፖው አምስተኛው ፍሬት ላይ ታስሮ የኤ ቅርፅ ይያዛል። በአጭሩ የራሳችሁን ቱባ ተፈጥሯዊ ስኬል ወስዳችሁ ማረፊያውን ወደ ሦስተኛው ድምፅ ብታዛውሩ፣ በላዩ ላይ የሚያስፈልጋችሁ የማረፊያው ኮርድ የሚፈልገው አንድ ሻርፕ ወይም ናቹራል ብቻ ነው። ጌጦቹ ጣት ውስጥ ይገባሉ፤ አጃቢውም ከለመደው ቅርፅ አይወጣም።

ይህ ምቾት ግን ዋጋ አለው። ያ ሦስተኛ ድምፅ በቱባው መካከለኛ ክልል ያለ ቫልቭ ሲነፋ አምስተኛው ሃርሞኒክ ነው፤ ቱቦው በከንፈር ብቻ ከሚሰጣቸው ተፈጥሯዊ ድምፆች አምስተኛው ማለት ነው። አምስተኛው ሃርሞኒክ በተፈጥሮው ከፒያኖው ድምፅ በግማሽ ድምፅ 14 በመቶ ያህል ዝቅ ይላል። በዘወትር ሙዚቃ በዚያ ድምፅ ላይ እያለፋችሁ ስለምትሄዱ ብዙም አይሰማም፤ እዚህ ግን ማረፊያችሁ እርሱ ነው። ሐረጉ በሙሉ የሚያርፈው ከልኩ ዝቅ ባለ ድምፅ ላይ ሆነ ማለት ነው፤ ያውም ከፒያኖ ወይም ከጊታር ጋር እየተነጻጸረ። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ረጅም ሆኖ የሚያዘውን ማረፊያ በአንደኛውና በሁለተኛው ቫልቭ ንፉት፣ ያኔ ስድስተኛው ሃርሞኒክ ይሆንላችኋል። ምናልባት በጥቂቱ ከፍ ሊልባችሁ ይችላል፤ ከፍ ያለውን በከንፈር ማውረድ ግን ዝቅ ያለውን ከመግፋት በጣም ይቀላል።

ወደ ዘፋኞቹ ልሂድ። መጀመሪያ የምጠቁመው የፋላን «ሰባት የስፔን ሕዝባዊ ዘፈኖች» ነው፤ በ1914 ተጽፈው በ1915 ማድሪድ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀርበዋል። ከሰባቱ ሁሉም ግን ለእኛ አይሆኑም። በቫዮሊን ያቀናበረው ኮሃንስኪም፣ በቼሎ ያቀናበረው ማሬሻልም ስድስቱን ወስደው «ሴጊዲያ ሙርሲያና»ን ትተዋታል። ምክንያቱን መገመት አያስቸግርም። ያ ዘፈን የሚኖረው በቃላቱ ነው፤ ድምፁ አንድ ቦታ ቆሞ ግጥሙ ይንደቀደቃል። ቃሉን ስታወጡት የሚቀረው የአንድ ኖታ ዶፍ ነው። ዘፈን ስትመርጡ ይህን መመዘኛ ያዙ፦ ግጥሙን በልባችሁ አጥፉት፣ የሚቀረው አሁንም ዘፈን ነው ወይ?

«ናና» ፈተናውን ያልፋል። እሹሩሩ ነው፤ ድምፁ ይወዛወዛል፣ በማረፊያው አካባቢ በትንንሽ ጌጦች ይዞራል፣ ከፍ አይልም፣ አይቸኩልም። «አስቱሪያና»ም እንዲሁ፤ ፒያኖው አንድ ዓይነት እንቅስቃሴ ይዞ ሲሄድ ዜማው ረጅም መስመር ያወጣል። ሁለቱም የሚጠይቁት በጣም ለስላሳ ድምፅ ነው፤ ቱባን የሚያውቁት በጩኸቱ ብቻ ለሆኑ ሰሚዎች ትልቅ አስገራሚ ነገር ይሆናል። «ፖሎ» በሌላ ጫፍ ላይ ትቆማለች። ፒያኖው በቁጣ ይመታል፣ ዘፋኟ «አይ!» እያለች ያንን አንድ ፊደል በብዙ ድምፅ ትጎትታለች። ያ «አይ» ቃል አይደለም፣ ሕመም ነው፤ ስለዚህ ወደ ቱባ ሲመጣ ምንም አይጎድልበትም። እንዲያውም በቱባ ከሰማኋቸው የስፔን ዜማዎች ሁሉ ለእኔ የበለጠው ይኸው ነው። ማስጠንቀቂያ ካስፈለገ፦ ጌጦቹን በምላስ አትቁረጧቸው። አንድ ጊዜ ብቻ በምላስ ጀምራችሁ የቀረውን በአየርና በቫልቭ አሳልፉ፤ የዘፋኙ ጉሮሮ በየድምፁ መካከል አይዘጋም።

ለጀማሪ ተማሪ ደግሞ ሎርካ የሰበሰባቸውና በፒያኖ ያቀናበራቸው ጥንታዊ ዘፈኖች አሉ። ባለቅኔው ሎርካ ፒያኖ ተጫዋችም ነበር፤ በ1931 ላ አርጀንቲኒታ እየዘፈነች እርሱ እያጀበ በሸክላ ተቀርጸዋል። የድምፅ ስፋታቸው ጠባብ ነው፣ ዜማቸው ቶሎ ይያዛል፣ ምታቸው ግን ንቁ ነው። እንዲያውም 6/8ን እና 3/4ን እያፈራረቀ የሚሄደውን የስፔን ምት ለማስተማር ከእነዚህ የተሻለ መነሻ አላውቅም። ስድስት እኩል ምቶችን አንድ ጊዜ ለሁለት፣ አንድ ጊዜ ለሦስት መክፈል ነው ነገሩ፤ ቱባ ተጫዋች በባንዱ ውስጥ ሁልጊዜ መጀመሪያው ምት ላይ መደገፍ ስለለመደ እግሩ ይከዳዋል። በጭብጨባ እየሠራችሁ ጀምሩ፣ መሣሪያው ይቆይ።

ከስፔን ውጭ ሆነው በስፔን መንፈስ የጻፉትም አሉ፤ ከእነርሱ መካከል ራቬልን የሚያህል የለም። እናቱ የባስክ ሰው ነበሩ። በ1907 የጻፈውና «በሐባኔራ መልክ የተሠራ ቁራጭ» ተብሎ የሚታወቀው ሥራ ከመነሻው ቃል የሌለው የድምፅ መለማመጃ ነው፤ ለዝቅተኛ የሰው ድምፅ ተጽፎ ኋላ ለሁሉም መሣሪያ ተቀናብሯል። ለቱባም በቀላሉ ይገኛል። እኔ ይበልጥ የምገፋችሁ ግን ወደ «ዶን ኪሾት ለዱልሲኔያ» ነው። በ1932ና በ1933 የተጻፉ ሦስት የባሪቶን ዘፈኖች ናቸው፤ የራቬል የመጨረሻ የተጠናቀቀ ሥራ። መነሻቸው ታላቁ ቤዝ ዘፋኝ ሻልያፒን ለተሠራበት ፊልም ነበር፤ ፊልሙ የሌላ ደራሲ ዘፈኖችን ይዞ ወጣ እንጂ። የመጀመሪያው ዘፈን ያንን የ6/8ና የ3/4 ልውውጥ ይዟል። ሁለተኛው ጸሎት ነው፤ በባስኮቹ የአምስት ምት ጭፈራ ላይ ተሠርቶ በዝግታ ይሄዳል። ሦስተኛው ሖታ በሚባለው የስፔን ጭፈራ ምት የሚሄድ የመጠጥ ዘፈን ነው።

ሁለተኛውን ተጫወቱ። ረጅም ሐረግ፣ ለስላሳ ድምፅ፣ አምስት ምት፤ ለቱባ እንደታዘዘ ነው። ሦስተኛውን ስትጫወቱ ደግሞ ሰካራም አታስመስሉ። ሰው ቱባን እያየ ለመሳቅ ሰበብ ይፈልጋል፤ ሰበቡን አትስጡት። ሪሻርድ ስትራውስ በ1897 «ዶን ኪሾት»ን በኦርኬስትራ ሲጽፍ ባላባቱን ዶን ኪሾትን ለቼሎ ሰጠው፤ ተከታዩ ሳንቾ ፓንዛ ብቅ የሚለው ግን በቤዝ ክላሪኔትና በቴነር ቱባ ነው። የራቬልን ዘፈኖች የሚነፋ ቱባ የባላባቱን ድርሻ ወሰደ ማለት ነው፤ እንደ ባላባት ይጫወት።

የስፔን የሙዚቃ ተውኔት፣ ዛርዙዌላ፣ ለባሪቶን በተጻፉ ዜማዎች የተሞላ ነው። ሞሬኖ ቶሮባ በ1932 ባቀረበው «ሉይሳ ፌርናንዳ» ውስጥ የቪዳልን ክፍል ተመልከቱ። የሶሮዛባል የ1936 ሥራ በሆነው «ላ ታቤርኔራ ዴል ፑዌርቶ» ውስጥ ደግሞ ሲምፕሰን የተባለው ሰው የሚዘፍነው ክፍል በቀጥታ ለቤዝ ድምፅ የተጻፈ ነው። እነዚህ ግን ገና የሕግ ጥበቃ ያላቸው ናቸው፤ ታትመው የወጡትን ግዙ እንጂ ራሳችሁ አቀናብራችሁ አታሰራጩ።

ስለ መብት ካነሣሁ ልጨርሰው። በስፔን ሕግ ከታኅሣሥ 7 ቀን 1987 በፊት የሞተ ደራሲ ሥራ ከሞተ በኋላ ለ80 ዓመት ይጠበቃል፤ በአብዛኛው የአውሮፓ አገር ጥበቃው 70 ዓመት ነው። ስለዚህ የፋላ ዘፈኖች በብዙ አገር ነፃ ከሆኑ ሰንብተዋል፣ በስፔን ግን እስከ 2026 መጨረሻ ድረስ የተጠበቁ ናቸው። አቀናባሪም የራሱ መብት አለው። የፋላ ዜማ ነፃ በሆነበት አገር እንኳ ማሬሻል በ1964 የሞተ ሰው በመሆኑ የቼሎ ቅንብሩ ነፃ አይደለም። መፍትሔው ወደ ዋናው የዘፈን ኖታ ሄዶ ከዚያ መጻፍ ነው፤ ሥራው የአንድ ቅዳሜ ነው፣ ዜማውንም በደንብ ያስተምራችኋል።

አሁን ቃል ወደ ገባሁት ሀብት። ዲየጎ ኦርቲዝ የቶሌዶ ሰው ነው። በ1553 ሮም ውስጥ አንድ መጽሐፍ አሳተመ፤ መጽሐፉ የሚያስተምረው በዝቅተኛው ቫዮላ ዳ ጋምባ፣ በቀስት በሚጫወት የቆየ የክር መሣሪያ፣ ላይ ዜማን እንዴት ማስጌጥ እንደሚቻል ነው። ይህ ማለት የስፔን ሰው ለዝቅተኛ መሣሪያ የጻፈው ሶሎ ሙዚቃ ቱባ ከመፈጠሩ ወደ ሦስት መቶ ዓመት በሚጠጋ ጊዜ ቀድሞ ታትሟል። መጽሐፉ ሁለት ክፍል አለው። የመጀመሪያው ማረፊያዎችን የሚያስጌጡ ቀመሮችን እየደረደረ ያሳያል፤ እንደ መለማመጃ ብቻ ብትጠቀሙበት እንኳ ጣታችሁን ያነቃዋል። በሁለተኛው «ሬሴርካዳ» የሚባሉት ሥራዎች አሉ። የመጀመሪያዎቹ አራቱ ያለ ምንም አጃቢ የሚጫወቱ ናቸው። ከዚያ «ላ ስፓኛ» በተባለው የቆየ የጭፈራ ዜማ ላይ የተሠሩ ይመጣሉ፤ በመጨረሻም ዘመኑ በሚወዳቸው ተደጋጋሚ የባስ መስመሮች ላይ የተሠሩት። ከፍ ብለው የሚሄዱት ክፍሎች ለኤፍ ወይም ለኢ ፍላት ቱባ ይቀላሉ። ብቻውን መቆም የሚፈልግ ቱባ ተጫዋች ዘወትር የባኽን የቼሎ ሥራዎች ያነሣል፤ ክፋት የለውም፣ ግን ኦርቲዝ በቀጥታ ለእርሱ የተጻፈ ይመስላል።

ከኦርቲዝ በላይ ለእኛ የቀረበው ባርቶሎሜ ዴ ሴልማ ኢ ሳላቬርዴ ነው። የአውግስጢኖስ ማኅበር መነኩሴ ነበር፤ የሚጫወተው ደግሞ የባሶን ቅድመ አያት የሆነውን፣ በስፔን ካቴድራሎች የመዘምራኑን ዝቅተኛ ድምፅ ይደግፍ የነበረውን «ባሖን» ነው። ወደ ኢንስብሩክ ቤተ መንግሥት ሄዶ አገለገለ፤ በ1638 ቬኒስ ውስጥ የሥራዎቹን ስብስብ አሳተመ። በውስጡ ለአንድ ዝቅተኛ መሣሪያና ለኪቦርድ አጃቢ የተጻፉ ፋንታሲያዎች አሉ። እነዚህን የጻፈው ዝቅተኛ መሣሪያ ነፊ ነው፤ ሳንባ ስንት እንደሚችል ያውቃል። ዝግታና ፍጥነት ይፈራረቃሉ፣ ከታች ወደ ላይ ትልልቅ ዝላይ አለ፣ ጌጡ ይበዛል፣ ግን የሚተነፈስበት ቦታ አይጠፋም።

«ይህ እንደ ስፔን አይሰማም» የሚል ይኖራል። ፍላሜንኮ ለጠበቀ ጆሮ እውነት ነው፤ ዛሬ የምናውቀው ፍላሜንኮ መልክ የያዘው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው፣ እነዚህ ሰዎች ደግሞ ከዚያ በጣም ይቀድማሉ። እኔ የሴልማን ፋንታሲያ ከ«ፖሎ» ጎን አስቀምጬ ሰሚው ራሱ እንዲያገናኛቸው እተዋለሁ።

ፍለጋውን በተመለከተ፦ ከ2006 ጀምሮ በኢንተርኔት በሚገኘው ነፃ የኖታ ቤተ መጻሕፍት፣ አይኤምኤስኤልፒ፣ ስትገቡ በባሶን፣ በቼሎ፣ በቫዮላ ዳ ጋምባና በባሪቶን ድምፅ ፈልጉ። የባሶኑና የቼሎው ኖታ ባብዛኛው በቤዝ ክሌፍ ስለሆነ እንዳለ ይነበባል። በሕይወት ያሉ ደራስያንን ለሚሻ ደግሞ አድራሻው ቫሌንሲያ ነው። እያንዳንዱ መንደር ባንድ ያለው የሚመስልበት አካባቢ ነው፤ የከተማው የባንዶች ውድድር ከ1886 ጀምሮ አለ። የአካባቢው አሳታሚዎች ካታሎግ ውስጥ በ«ቱባ ኢ ፒያኖ» እና በ«ቦምባርዲኖ» ስር ተመልከቱ፤ ቦምባርዲኖ የሚሉት እኛ ዩፎኒየም የምንለውን ነው።

ከንግግሩ በኋላ ሁለት ጥያቄዎች ቀርበው ነበር።

አንዱ ጠያቂ ፒያኖው ለዘፋኝ እንደተጻፈ ቢቆይ ችግር አለው ወይ አለ። አለው። ለሴት ድምፅ የተጻፈን ዜማ ወደ ቱባ ስታወርዱት ከፒያኖው ግራ እጅ በታች ሊገባ ይችላል። ያኔ ሳታስቡት ባሱ እናንተ ሆናችሁ፤ ዜማው የኮርዱ አምስተኛ ድምፅ ላይ በቆመ ቁጥር ኮርዱ ይገለበጥና መሬቱ ይጠፋል። ፒያኖ ተጫዋቹ ዋናውን የባስ ድምፅ አንድ ኦክታቭ ዝቅ አድርጎ እንዲይዝና የመካከሉን ወፍራም ኮርድ እንዲያሳሳ ጠይቁት። ጊታር ከሆነ አጃቢው ዝቅተኛው ክሩ ከቱባው መካከለኛ ክልል በታች ብዙ አይወርድምና ይህን ማድረግ አይችልም፤ ስለዚህ ዜማውን ከፍ አድርጋችሁ ለስላሳ ንፉ፣ ጊታሩም ማይክሮፎን ይኑረው።

ሁለተኛዋ ጠያቂ ሁሉንም ነገር አንድ ኦክታቭ አውርዳ በጥልቁ ድምፅ ልትጫወተው እንደምትችል ጠየቀች። «ናና»ን አይቻልም፤ ጌጦቹ እዚያ ታች ሲደርሱ ይደፈርሳሉ፣ ሰሚውም ዜማውን አይለይም። «አስቱሪያና» ላይ ግን ሁለተኛውን ስንኝ ብቻ አውርደሽ ሞክሪው አልኳት፤ ዜማው ጌጥ ስለማይበዛበትና ፒያኖው ከላይ ስለሚንቀሳቀስ ይችለዋል። ቀድማ ግን የመጨረሻውን ረጅም ድምፅ በአንድ ትንፋሽ እስከ ጸጥታው ድረስ መያዝ እንደምትችል በዚያው ኦክታቭ ትፈትን፤ ካልቻለች በዘፋኙ ከፍታ ላይ ትቆይ።